በበጋ፣ በተራራማ ብሔራዊ ፓርክ፣ ለአምስት ቀን የእግር ጉዞ፦ ዕቅዳችንን ብታዩልን

ጀማሪው ተጓዥ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ አማቼ እና እኔ በመጪው በጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወቅት፣ በአንድ ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አምስት ቀን የሚወስድ የእግር ጉዞ ለማድረግ እየተሰናዳን ነው። ከዚህ በፊት ጠዋት ተነስቶ ማታ የሚመለስ ጉዞ በተደጋጋሚ አድርገናል፤ ድንኳን ተሸክሞ ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው መሻገር ግን ለሁላችንም አዲስ ነው። አማቼ 63 ዓመታቸው ነው፤ ሜዳ ላይ ከእኛ እኩል ይራመዳሉ፣ ቁልቁለት ሲበዛ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የምንኖረው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው።

የትኛውን ፓርክ እንደምንመርጥ ገና አልቆረጥንም። ለማነጻጸር ያህል ግን አንድ መንገድ ከካርታ ላይ ይዘን እንዲህ ደልድለነዋል። በመጀመሪያው ቀን ከ1,400 ሜትር ተነስተን 2,000 ሜትር ላይ እናድራለን። በሁለተኛው ቀን 18 ኪሎ ሜትር እንጓዛለን፤ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር 3,200 ሜትር ላይ ወዳለ መተላለፊያ የሚያወጣ ዳገት ሲሆን፣ ቀሪው 8 ኪሎ ሜትር ወደ 2,300 ሜትር የሚያወርድ ቁልቁለት ነው። በሦስተኛው ቀን ወጥተን 3,100 ሜትር ላይ እናድራለን። በአራተኛው ቀን ጓዛችንን እዚያው ትተን 3,600 ሜትር ወደሚደርሰው ጫፍ ደርሰን እንመለሳለን፤ በአምስተኛው ቀን በአንድ ጉዞ ወደ መነሻችን እንወርዳለን። በየቀኑ ቁርሳችንን ረጋ ብለን በልተን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለመንቀሳቀስ አስበናል።

ልምዱ ያላችሁ ሰዎች፣ ርቀቱ ለእኛ ዓይነት ቡድን ይበዛ እንደሆነ፣ ከፍታውን ምን ያህል ልንፈራው እንደሚገባ፣ ፓርኩን ስንመርጥም ከውበቱ ሌላ ምን ማየት እንዳለብን ብትነግሩን ደስ ይለናል። ስለ ዕቃ ብዙ አንብበናል፤ በተለይ ስለ ጫማ ያገኘነው ምክር ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ በመሆኑ ግራ ተጋብተናል።

የካርታ ወዳጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ርቀቱን ለጊዜው ተዉትና ሰዓቱን ቁጠሩ። ተራራ ላይ የቀኑን ውሎ የሚወስነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ የሚለው ሳይሆን፣ ከመተላለፊያው ወይም ከጫፉ እስከ ስንት ሰዓት ወርዳችሁ ማለቅ አለባችሁ የሚለው ነው። ዕቅዱም የሚሠራው ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በበጋ በብዙ ተራሮች ላይ ጠዋቱ ጥርት ብሎ ይነጋል፤ ፀሐይዋ ተዳፋቱን ስታሞቀው ግን እርጥበት ያዘለ አየር ሽቅብ ይወጣና ከረፋዱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ገደማ ከሸንተረሩ በላይ ትንንሽ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። እነዚህ ደመናዎች ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ እየተቆለሉ ከሄዱ፣ ግርጌያቸውም ጠፍጣፋ ሆኖ መጥቆር ከጀመረ፣ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል። በአሜሪካው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ፣ 4,346 ሜትር ከፍታ ያለውን ሎንግስ ፒክን የሚወጡ ሰዎች ገና ሳይነጋ እንዲነሱና ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ከጫፉ እንዲለቁ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ሁለተኛ ቀናችሁን እንመልከት። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው የስሌት ደንብ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። እስከ መተላለፊያው ያለው 10 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት፣ 1,200 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት ጠንካራና ቀላል ጭነት የያዘ ሰው ሳያርፍ ሲሄድ ነው። ድንኳን ለተሸከመ፣ ወጣትና አዛውንት ለተቀላቀለበት፣ ውኃ ለመቅዳትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ለሚቆም ቡድን ግማሽ ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ ስድስት ሰዓት በሉት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከተነሳችሁ መተላለፊያው ላይ የምትደርሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማለትም ሰማዩ በሚከፋበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ 900 ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ደንቡ ለቁልቁለት ጭማሪ ባያስብም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ስላሉ ሦስት ሰዓት መድቡለት። ካምፕ የምትገቡት እንግዲህ ሊመሽ ሲል ደክማችሁ፣ ምናልባትም ረጥባችሁ ነው። በአንጻሩ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብትነሱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መተላለፊያውን ትሻገራላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜም የዕረፍትና የምግብ ይሆናል። ረጋ ያለውን ቁርስ የመጀመሪያው ዕረፍት ላይ ብሉት፤ ሲነሱ ግን ትንሽ ነገር ቀምሶ መንቀሳቀስ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ይኑራችሁ። በዚያ ሰዓት መተላለፊያው ላይ ካልደረሳችሁ፣ ጫፉ ቅርብ ቢመስልም እንኳ ትመለሳላችሁ። ይህ ሰዓት ማታ ድንኳን ውስጥ ይወሰናል፤ ዳገቱ ላይ ቆሞ የሚወሰን ከሆነ ድካምና እልህ ስለሚገቡበት ክርክር ይሆናል።

ነጎድጓድ ከተሰማ የብልጭታውንና የድምፁን ልዩነት ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ስለዚህ ልዩነቱ 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር የማይርቅ በመሆኑ ከሸንተረሩ ላይ ወዲያው መውረድ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል፣ መሬት ላይ መጋደም ወይም ተጠጋግቶ መቆም አይገባም፤ መበታተኑ አንድ መብረቅ ሁላችሁንም እንዳይጎዳ ያደርጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አይመለሱም።

በአንድ ቦታ ሰፋሪ፦

ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ፤ በጉዞው ቅርጽ ግን አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ በተራራ ላይ የሚያድር ቤተሰብ በየቀኑ ድንኳን እየነቀለ ሙሉ ጭነት ይዞ መተላለፊያ የሚሻገርበት ምክንያት አይታየኝም። 2,000 ሜትር ወይም 2,300 ሜትር አካባቢ ባለ አንድ ማደሪያ ሰፍራችሁ፣ በየቀኑ ቀላል ቦርሳ ይዛችሁ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ብትወጡና ብትመለሱ፣ አየሩ ሲበላሽ አንድ ቀን አርፋችሁ መዋል ትችላላችሁ። ከማደሪያ ወደ ማደሪያ በሚደረግ ጉዞ ግን የሁለተኛው ቀን ዝናብ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቀን ቦታ ማስያዣ ሁሉ ያበላሻል፤ ሰዎች በመጥፎ አየር መተላለፊያ ለመሻገር የሚገደዱትም ብዙውን ጊዜ ቀጣዩ ማደሪያ በስማቸው ስለተያዘ ነው። በተጨማሪም አማትዎ ጉልበታቸውን ባመማቸው ቀን ማደሪያው አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር መዋል ይችላሉ፤ ሌሎቻችሁም ጉዞውን አትሰርዙም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻግሮ የመጨረስ ደስታ እንዳለው አልክድም። ያ ግን ለሁለተኛው በጋ ይቆይ እላለሁ።

የጤና ባለሙያዋ፦

ስለ ከፍታው ልናገር። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሚሆን በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ምታት ዋናው ምልክቱ ሲሆን፣ ማቅለሽለሽ፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት አብረውት ይመጣሉ። ምልክቶቹ እንደ ደረሱ ሳይሆን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚጀምሩ፣ ከሰዓት በኋላ ደኅና የነበረ ሰው ሌሊት ሊታመም ይችላል። ብርቱ መሆን ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሲታመም ይታያል። ስለዚህ ከአማትዎ ይልቅ ልጅዎን እንድትከታተሉት እመክራለሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጉዞው በእሱ ምክንያት እንዳይቋረጥ ብሎ ራስ ምታቱን ሊደብቅ ይችላልና፣ ጠዋት ጠዋት ሁላችሁም በየተራ እንዴት እንዳደራችሁ የምትናገሩበት ልማድ ይኑራችሁ፤ እሱም ተነጥሎ የተጠየቀ አይመስለውም።

ከዚህ አንጻር ዕቅዳችሁ ክፉ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደ ምክር ነው፤ እናንተም 3,100 ሜትር ላይ የምታድሩት ዝቅ ባለ ቦታ ሁለት ሌሊት ካሳለፋችሁና መተላለፊያውን በቀን ከተሻገራችሁ በኋላ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ለማላመድ ይረዳል። የሚያሳስበኝ ከ2,300 ወደ 3,100 ሜትር ያለው የ800 ሜትር ልዩነት ነው፤ በመካከሉ፣ ለምሳሌ 2,700 ሜትር አካባቢ፣ የተፈቀደ ማደሪያ ካለ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ቀላል ራስ ምታት ያለበት ሰው ባለበት ይቆያል፣ ወደ ላይ አይቀጥልም። ቆሞ እያለ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ መራመድ አቅቶት የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀ ሰው ግን ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ከሰው ጋር ወዲያው መውረድ አለበት። አስቀድሞ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱን በተለይ የሌላ በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከሐኪም ጋር ሳትመካከሩ እንዳትጀምሩ።

ጉልበትን በተመለከተ፣ የሚያስፈራኝ ዳገቱ ሳይሆን የአምስተኛው ቀን 1,700 ሜትር ቁልቁለት ነው። ሁለት የመራመጃ ዘንጎች በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳሉ፤ ለቁልቁለቱ ዘንጎቹን ከዳገቱ ጊዜ ትንሽ ማስረዘም ያስፈልጋል። የአማትዎ ጭነት ቀላል ይሁን፤ ቁልቁለቱም ቢቻል በሁለት ቀን ይከፈል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጉዞ የሚሰናከለው በትልቅ አደጋ ሳይሆን በተረከዝ ነው። ተረከዙ ላይ የመጋል ስሜት የተሰማው ሰው «ጥቂት ልሂድና» ሳይል እዚያው ቆሞ ጫማውን ያውልቅ፤ ካልሲውን አውልቆ እግሩን በደንብ ያድርቅ፣ ፕላስተሩንም ማዕዘኖቹን በመቀስ አክብቦ ሳይጨማደድ ይለጥፈው። ማዕዘኑ ያልተከበበ ፕላስተር ካልሲው እየፈተገ ጠርዙን ስለሚያነሳው ግማሽ ቀን አይቆይም። ውኃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማስታገሻ ብቻ ነው።

ጀማሪው ተጓዥ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰዓቱን ስሌት ለአማቼ ሳነብላቸው «እኔ ድሮም አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምነሳው፤ የሚቸገረው ልጁ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ማለዳ መነሳቱ ተወስኗል። ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ከመሻገር ይልቅ አንድ ቦታ ሰፍሮ መውጣትና መመለስ የሚለውም ሐሳብ በጣም ስቦናል፤ ሦስት ቀን በ2,000 ሜትር፣ ከዚያ ሁለት ቀን ከፍ ብሎ 2,700 ሜትር ላይ ብንሰፍር፣ አንድ ቀንም ለመጠባበቂያ ብንይዝ ብለን እያሰብን ነው። አሁን የቀረን የፓርኩ ምርጫና ዕቃው ነው።

ወቅትና ፈቃድ፦

ፓርክ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምትሄዱበት ወር እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚመስል አጣሩ፤ ሞቃቱ ወቅት በየትም ቦታ ደረቅ ነው ማለት አይደለምና። በኔፓሉ የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ከሰኔ እስከ መስከረም የሞንሱን ዝናብ ስለሚወርድ መንገዱ ይጨቀያል፤ ተራራውም አብዛኛውን ጊዜ በደመና ይሸፈናል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እነዚሁ ወራት የዝናብና የጉም ናቸው። በደቡብ አፍሪካው ድራከንስበርግ በጋው የሚውለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሚበዛውም በዚያው ጊዜ ነው። በአልፕስና በሮኪ ተራሮች ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ሸለቆው ለምልሞ አበባ ሲያወጣ ከፍተኛ መተላለፊያዎች ገና በረዶ እንደ ለበሱ እስከ ሐምሌ ሊቆዩ ይችላሉ። ማለዳ ላይ የደረቀ በረዶ በተዳፋት ላይ ካለ፣ የብረት ጥርስ ለጫማ ሳያስሩና አጠቃቀሙን ሳያውቁ መሻገር ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። ስለዚህ ከወቅቱ መጀመሪያ ይልቅ መካከሉንና መጨረሻውን ምረጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንትም የመንገዱን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ጠባቂዎቹ የትኛው ድልድይ እንደ ፈረሰ፣ የትኛው መተላለፊያ በረዶ እንዳለበት ከማንኛውም ካርታ በተሻለ ያውቃሉ።

በበረዶ መቅለጥ የሚሞሉ ወንዞችም ጊዜ ይመርጣሉ። ሌሊት መቅለጡ ስለሚቀንስ ውኃው ማለዳ ላይ ዝቅ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት በድንጋይ የተሻገራችሁት ጅረት እስከ ጭን ሊደርስ ይችላል። ለመሻገር ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን ቦታ ፈልጉ፤ ውኃው ሲሰፋ ኃይሉ ይቀንሳል። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ የወደቀ ሰው ቦርሳውን ወዲያው መጣል መቻል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ደንብ ነው፤ ይህም ዕቅዳችሁን ከሥሩ ሊለውጠው ይችላል። «ብሔራዊ ፓርክ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ድንኳን መትከል ይቻላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 የተቋቋመው የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ፓርክ ከተመለከተው መንገድ መውጣትን፣ ድንኳን መትከልንና ውሻ ማስገባትን ይከለክላል፤ ውሻው በማሰሪያ ቢያዝም አይፈቀድም። የአሜሪካ ፓርኮች በአብዛኛው ድንኳን ይፈቅዳሉ፤ ግን የአዳር ፈቃድ ይጠይቃሉ። በዮሰሚቲ ወደ ሃፍ ዶም ጫፍ የሚያወጡትን የብረት ገመዶች ለመጠቀም በዕጣ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሮኪ ማውንቴን ደግሞ በበጋ የሚገቡበትን ሰዓት ሳይቀር አስቀድሞ ማስያዝ የተለመደ ሆኗል። ድብ ባለባቸው ፓርኮች ምግብን፣ የጥርስ ሳሙናንና ማንኛውንም ሽታ ያለው ነገር ድብ በማይከፍተው ጽኑ ማሸጊያ ውስጥ አድርጎ ከድንኳን ማራቅ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ምዝገባ ከወራት በፊት የሚከፈትባቸው ስላሉ፣ መጀመሪያ ቀን ቆርጦ በኋላ ፈቃድ መፈለግ ሳይሆን፣ መጀመሪያ የፈቃዱን ሁኔታ አይቶ ቀን መቁረጥ ይሻላል። ዝነኛው መንገድ ከሞላም አትዘኑ፤ በዚያው ፓርክ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ የሚታወቀው ሸለቆ ብዙ ጊዜ ጸጥታው ይበልጣል፤ እኔ በግሌ ሁልጊዜ እሱን ነው የምመርጠው።

ቀላል ቦርሳ፦

ስለ ዕቃው አጭር ልሁን፤ በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ከሚገባው በላይ ነው።

ጫማን በተመለከተ የተጋጨው ምክር ሁለቱም ወገን ትክክል ስለሆነ ነው። ደረቅና በደንብ በተጠረገ መንገድ ላይ ቀላል ጭነት ለያዘ ሰው አጭሩ የመሮጫ ዓይነት ጫማ ይስማማል፤ ኮረት በበዛበት፣ በረዶ ባለበትና ከባድ ቦርሳ በሚሸከሙበት መንገድ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ቦት ይሻላል። ዋናው ነገር ጫማው አዲስ አለመሆኑ ነው፤ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ጭነት ይዛችሁ ዳገትና ቁልቁለት ላይ አድርጉት። በቁልቁለት የእግር ጣት ጫማው ፊት ላይ የሚደርስ ከሆነ መጠኑ አንሷል።

የአየሩ ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ መነሻችሁ ላይ 24 ዲግሪ ቢሆን ጫፉ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ሲታከሉበት ይህ ሙቀት ሰው ሊያንቀጠቅጥ ይበቃል። የጥጥ ልብስ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ከውስጥ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ማስተዋሉ ስለሚደክም መሳሳቱን ራሱ አያውቅምና፣ መንቀጥቀጥና መኮላተፍ ያያችሁበትን ሰው ወዲያው አድርቃችሁ አልብሱት። ለማደሪያ የሚሆን አንድ ጥንድ ልብስ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለምንም ነገር ሳይነካ ይቆይ። የፀሐይ መከላከያ ቅባትና መነጽርም አትርሱ፤ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ውኃ ንጹሕ ቢመስልም አጣርታችሁ ወይም አፍልታችሁ ጠጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ለሦስት ደቂቃ ማንተክተክ ይመከራል። ቀዳዳቸው በጣም የረቀቀ የእጅ ማጣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እርጥብ ማጣሪያ በብርድ ሌሊት በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ማታ ማታ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አስገቡት። ስልክንም እንዲሁ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ካርታውን አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ ካወረዳችሁት ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የወረቀቱን ካርታ ግን ቤት አትተዉት።

ጀማሪው ተጓዥ፦

ሁሉንም እየጻፍኩ ይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ወደ 3,600 ሜትሩ ጫፍ በምንወጣበት ቀን አማቼ ማደሪያው ላይ ለመቆየት ፈቃደኛ ናቸው። እሳቸውን ብቻቸውን ትተን መውጣታችን ያስኬዳል ወይስ አንዳችን አብረናቸው መቅረት አለብን?

የካርታ ወዳጅ፦

ሌሎች ሰዎች በሚያድሩበት፣ ጠባቂ በሚዞርበት ማደሪያ ከሆነና አማትዎ ጤነኛ ሆነው ካደሩ ያስኬዳል። ገለል ባለ ቦታ ከሆነ ወይም ሌሊቱን ራስ ምታት ነበራቸው ከተባለ ግን ከእናንተ አንድ ሰው ይቅር፤ ሁለት ሰው ጫፍ ላይ መውጣቱም መውጣት ነው።

ብቻቸውን የሚቆዩ ከሆነ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ እጃቸው ላይ ተዉ፦ የምትሄዱበትን መንገድ፣ የመመለሻ ሰዓታችሁን፣ ማደሪያው ትደርሳላችሁ ብላችሁ የምታስቡበትን ሰዓት፣ ከዚያም እርዳታ መጥራት ያለባቸውን የመጨረሻ ሰዓት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓቶች አንድ መሆን የለባቸውም፤ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ካልተተወ አንድ ረዘም ያለ ዕረፍት እንኳ ሰው ያስጨንቃል። በአውሮፓ 112፣ በአሜሪካ 911 የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ናቸው፤ ኔትወርክ የማይኖር ከሆነ ደግሞ ለየትኛው ጠባቂ ወይም ለየትኛው ማረፊያ ቤት እንደሚነግሩ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። ያው ወረቀት አንድ ቅጂው ወደ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ዘመድ ይሰጥ።

ለእያንዳንዱ ሰው፣ ማደሪያው ላይ ለሚቀሩትም ጭምር፣ ፊሽካ ይኑር። በተራራ ላይ የታወቀው የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መድገም ነው፤ የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። ሌሊት ከሆነ ያንኑ በራስ ባትሪ ብርሃን ማድረግ ይቻላል። ልጅዎ ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይለማመደው፤ ፊሽካውም ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን የቦርሳው ማንገቻ ላይ ይታሰር።